እፍ ሳይሆን ፉት፦ ባለ ሦስት ኳሷ የትንፋሽ መለማመጃ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ሲንጀር የቆመችባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስለ ዚፕና ስለ ክር ጥራት ብትጠይቁኝ ቀኑን ሙሉ ላወራችሁ እችላለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነው። እናቴ የጨጓራ ካንሰር ኦፕራሲዮን ስትደረግ ለስድስት ሳምንት ከአጠገባችን ያልተለየች ዕቃ ነች። በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ስልኬን ይዤ ስለ እሷ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስፈልግ ነበር። አስታማሚ ለአስታማሚ የሚነግረውን ዓይነት። አላገኘሁም። እንግዲያው እኔ ልጻፈው።

ዕቃዋ በአንድ እጅ የምትያዝ ናት። ሦስት ግልጽ ክፍሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በየክፍሉ አንድ አንድ ቀላል ኳስ አለ። ከታች የሚተጣጠፍ ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ አፍ ውስጥ ይገባል። አየር ወደ ውስጥ ስትስቡ ኳሶቹ ተራ በተራ ይነሣሉ። በየክፍሉ ላይ 600፣ 900 እና 1200 የሚል ቁጥር ተጽፏል። በሴኮንድ ስንት ሚሊ ሊትር አየር እየሳባችሁ እንደሆነ መናገሩ ነው። ስሟ ኢንሴንቲቭ ስፓይሮሜትር ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ «ባለ ሦስት ኳሷ» ብትሉም ይገባቸዋል።

ነገሩን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት አጎቴ የአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። «ጥሩ ወጥቷል» ተባልን። ተመስገን አልን። ከዚያ አጎቴ አራት ቀን ሙሉ በጀርባው ተንጋሎ ተኛ። ተነሥ ያለው የለም። ሳል ያለው የለም። እንዲያውም ሊስል ሲል «ዋ! ስፌቱ ይለቅሃል» እያልን የከለከልነው እኛው ነን። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ትንፋሹ አጠረ። ደረቱ ውስጥ እንደሚንተከተክ ሽሮ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የሳንባ ምች ነው አሉን። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ይህች ዕቃ ብትኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር አልልም። እንዲህ ብሎ መናገር የሚችል ሰው የለም። ግን «ተነሥ፣ ሳል፣ ጠልቀህ ተንፍስ» የሚል አንድ ሰው ማጣታችን እስካሁን ያንገበግበኛል። ካንሰሩን ከሆዱ አውጥተንለት በሳንባው ሄደብን።

እማዬ የደምበጫ ሰው ናት። አረቄ በማውጣት ነው ያሳደገችን። አርባ ዓመት ገደማ ከእሳቱ ፊት ቁጭ ብላለች። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፣ ጭሱ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ደግማ እፍ ትላለች። ልጅ ሆኜ እማዬን ሳስታውስ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ለዚህ ነው ፊዚዮቴራፒስቱ (በእንቅስቃሴና በትንፋሽ ልምምድ የሚያክመው ባለሙያ) ዘንድ የገባን ቀን የሆነውን የማልረሳው።

ልጁ ወጣት ነው። ወረቀት ይዞ ይጠይቃታል።

«እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«አበስኩ ገበርኩ! ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ይቅርታ፣ ሁሉንም ስለምጠይቅ ነው። ሥራዎት ምንድን ነው?»

«አረቄ አወጣለሁ።»

ብዕሩን አቆመና ቀና ብሎ አያት። «ስንት ዓመት?» አላት። ነገረችው። ጻፈው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለዓመታት በማገዶ ጭስ ውስጥ የኖረ ሳንባ ሲጋራ ባያውቅም እንደሚጎዳ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላም ይበልጥ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አስረዳኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ የእማዬን ጠዋት ጠዋት ማሳል የዕድሜ ነገር ነበር የምለው።

ይህ የሆነው ከኦፕራሲዮኑ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ገብተን ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ካያት በኋላ «ከመሄዳችሁ በፊት ፊዚዮ ክፍል እለፉ» አለን። እኔ ፊዚዮ የሚባለው እግሩ ለተሰበረ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆየን። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ የምመርጠው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው። እመለስበታለሁ።

ዕቃዋን ግዙ ተባልን። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ አንድ ፋርማሲ 1,400 ብር አለን። ትንሽ ራቅ ብዬ ሄጄ ያንኑ ዓይነት በ900 ብር ገዛሁ። ፍኖተ ሰላም ብመለስ ኖሮ አላገኛትም ነበር፤ ሦስት ቦታ ደውዬ የለም ብለውኛል። ስትገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን እዩ። ዕቃዋን ገልበጥ አድርጋችሁ ኳሶቹ ሳይያዙ ወርደው እንደሚንቀሳቀሱ እዩ። ቱቦው ስንጥቅ ካለበት ኳሱ አይነሣም፤ ታማሚው ግን አቅም ያጣ እሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። በካርቶኑ ላይ ያለው መመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሥዕል አለው፤ ሥዕሉ ግን አንዲት ሴት ቱቦ አፏ ውስጥ አድርጋ ያሳያል እንጂ ትሳብ ትንፋ አይለይም። እማዬ እዚያው ፊዚዮው ፊት ዕቃዋን ተቀበለችኝ። ቱቦውን አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ አርባ ዓመት እንደለመደችው ጉንጯን ነፍታ «እፍፍፍ!» አለች።

ኳሶቹ ንቅንቅ አላሉም።

ደገመች። ፊቷ ቀላ። «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አለችኝ። ፊዚዮው ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እፍ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ነው። ለስላሳ በስትሮ እንደሚጠጣው» አላት። እማዬ በሕይወቷ በስትሮ ጠጥታ አታውቅም። ዝም ብላ አየችው። እኔ ነኝ በመጨረሻ የመጣልኝ። «እማዬ፣ ቡናው እያቃጠለሽ ስትጠጪ እንዴት ነው የምትይው? ፉ...ት! እንደዚያ። ግን ረዘም አድርገሽ።»

ፉት አለች። አንደኛዋ ኳስ ሽቅብ ወጣች። ሁለተኛዋም ተከተለች። እማዬ ዓይኗ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የዚህች ዕቃ ስም «ፉት» ሆነ። «ፉትሽን አምጪልኝ» ነው የምትለው። አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይህን ይያዝልኝ። እፍ ሳይሆን ፉት። በኋላ ተኝተን በነበረበት ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ዕቃውን ይዞ ሲነፋ አይቻለሁ። የሐኪም ጓንት እንደ ፊኛ የሚነፉም ነበሩ። ፊዚዮው እንደነገረን ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚፈለገው ሳንባን ወደ ውስጥ በሚገባ አየር መክፈት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ በዝግታ ትንፋሽን ማውጣት። ከንፈርን በቱቦው ጫፍ ላይ ግጥም ማድረግ። በዝግታና በረጅሙ መሳብ። ኳሱ ሲነሣ ከሦስት እስከ አምስት ሴኮንድ ያህል እንደያዙ መቆየት። ቱቦውን ከአፍ አውጥቶ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ትንሽ ማረፍና መድገም። ሰው ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል። ተጣድፎ ካከታተሉት ራስ ያዞራል፤ ያኔ ማቆም ነው።

ሁለቱን ሳምንት ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ደምበጫ እንድትመለስ አልፈቀድኩላትም። «ጥንስሱ ይበላሽብኛል» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን ጭሱን ፈርቼ ነው። የደንበኞቼን የወገብና የትከሻ ልክ በምጽፍበት ደብተር ላይ አንድ ገጽ ለእሷ ለየሁ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፤ ስንት ጊዜ፣ ስንተኛዋ ኳስ ደረሰች። በአሥረኛው ቀን ሦስተኛዋ ኳስ እስከ ክፍሏ አጋማሽ ተነሣችላት። ጎረቤት እየመጣ «እስቲ እኛም እንይ» ይል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ዕቃዋን ለማንም አታውሱ። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ሳል ያለበትም የሌለበትም ሰው ይኖራል። እኛ ተካፍለን የምንበላ ሰዎች ነን፤ እንቢ ማለት ይከብዳል። ሆስፒታል ውስጥ በአንድ አባት ልጅ «ለአባቴ ላንድ ጊዜ» ተብዬ ስጠየቅ ላቤ ነው የመጣው። ጫፉን ብቻ አጥበን እንስጥ ብዬም ነበር። ሲስተሯ ሰምታ «እንዳታደርጊው» አለችኝ። ልጃቸውን የገዛሁበት ፋርማሲ ድረስ ወሰድኩት።

ኦፕራሲዮኑ አራት ሰዓት ፈጀ። ከጨጓራዋ አብዛኛው ወጣ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም።

በማግስቱ ጠዋት «ፉት»ን አቀበልኳት። ሳበች። አንደኛዋ ኳስ ተንቀጠቀጠችና ቁጭ አለች። ሦስተኛዋን ያነሣች ሴት አንደኛዋን አቃታት። እማዬ አለቀሰች። እኔም ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ።

ፊዚዮው መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመና ለምን እንደሆነ አስረዳን። ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አሉት። በሙሉ ማደንዘዣ ከሚተኙ 10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ ላይ የሳንባው ጥቂት ክፍል ወዲያው ይጨማደዳል። ፌስታል ውስጡ ሲረጥብ ሁለት ጎኑ እንደሚጣበቀው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጠለቅ ያለ ትንፋሽ ይስባል፤ የተጣበቀውን የሚከፍተው እሱ ነው። ሆዱ ላይኛው ክፍል ላይ የተቀደደ ሰው ግን ያንን ትንፋሽ ይተወዋል። ያመዋላ! ቁስሉ ያለው እንብርትና ደረት መካከል፣ ከዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ሥር ነው። ስለዚህ እንደ ወፍ ጫጩት ላይ ላዩን ይተነፍሳል። የተጣበቀው ሳይከፈት ይቀራል። ካልሳለ ደግሞ አክታው እዚያው ይጠራቀማል። በተጠራቀመው ላይ ጀርም ይራባል። አጎቴ ደረት ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ስለዚህ ሕመሙን ሳትቀንሱ ተንፍሺ ብትሏት በከንቱ ነው» አለኝ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እማዬ ሕመም ቻይ ናት። «አመመኝ» ማለት ያሳፍራታል። ሲስተር ስትጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትላለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ማስታገሻው የሚሰጥበትን ሰዓት ጻፍኩ። ከወሰደች ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ ነው «ፉት»ን የማቀርበው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት አንደኛዋ ኳስ ተነሥታ ቆመች። «ሦስቱን ላፍታ ብድግ ከማድረግ አንዷን ይዞ መቆየት ይበልጣል» ብሏት ነበር። እማዬም ያንን ይዛ ቀረች። አንዷን ኳስ አንሥታ፣ እኔ በጣቴ ሦስት እስክቆጥር፣ ዓይኗን ከኳሷ ላይ ሳትነቅል።

ሳሉ ነው የከበደን። ለሱ የራሴን መላ አበጀሁ። በፊት በነበረን ትምህርት «ስትስል ቁስሏ ላይ ትራስ አቅፋ ትጫን» ተብሎ ነበር። የሆስፒታሉ ትራስ ትልቅና ልል ነው። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ ከተረፈ ጨርቅ አንዲት ትራስ ሰፍቼ ነበር። 40 በ30 ሳንቲሜትር፣ ጥጥ በደንብ የተጠቀጠቀባት። እማዬ ታቅፋት፣ ጎንበስ ብላ ትጫናት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ትስላለች። በሦስተኛው ቀን ወፈር ያለ አክታ ወጣላት። ሰው አክታ አይቶ ደስ ይለዋል ትላላችሁ? እኔ እልል ልል ነበር። ትራስ የሌለው ጋቢውን አራት አጥፎ ይቀፍ፤ ያም ይሠራል።

በሁለተኛው ቀን ጣቷ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 89 አለ። ኦክስጅን ተደረገላት። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረጉት። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያ አልጋ እንዳይወርድ ስጠብቅ ነው የከረምኩት፤ ጠያቂ እየመጣ «ይደክማታል፣ ዝቅ አድርጉላት» ይላል፣ እኔ እንቢ እላለሁ። በዚያው ቀን አልጋው ዳር ላይ እግሯን አንጠልጥላ እንድትቀመጥ ተደረገ። በማግስቱ የግሉኮሱን ማቆሚያ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩን ጨረሰች። የዚያን ቀን ያለ ኦክስጅን 93 ሆነች። ያየ ዘመድ ሁሉ «ኧረ በሕግ! ትላንት የተቀደደች ሴት ታስኬጃለሽ?» ይለኛል። አክስቴ አልቅሳ ለመነችኝ። በእኛ አገር ማስታመም ማለት ታማሚን ማስተኛት ነው። ፍቅራችን ነው እንዲህ የሚያደርገን፤ እኔም ለአጎቴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አክስቴን እጇን ይዤ ውጭ አወጣኋትና ስለ ፌስታሉ ነገርኳት። ተመልሳ ገብታ እማዬን በአንድ በኩል ደገፈቻት።

የአፍ ንጽሕናም አለ። ጠዋትና ማታ ጥርስና ምላስ ማጽዳት። አፍ ውስጥ ያለው ጀርም ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው። እማዬ ከወይራ መፋቂያዋ ጋር ስለማትለያይ በዚህ አልተቸገርንም፤ ፊዚዮው ለስላሳ ብሩሽ ይጨመር ብሎናል።

አሁን ዕቃዋን በሐቅ ልገምግም። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ይማራል። ሆስፒታል እያለን ጥናት እየፈለገ ይልክልኝ ነበር። አንዱ አስደነገጠኝ። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚያመሳክር ድርጅት በ2014 (በፈረንጅ) ባወጣው ግምገማ፣ ይህች ዕቃ ብቻዋን የላይኛው ሆድ ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ የሳንባ ችግርን ትከላከላለች የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የተሠሩት ጥናቶችም ደካማ ናቸው ብሏል። «ታዲያ 900 ብራችንን በላነው?» ብዬ ጻፍኩለት።

ሌላ ጥናት ላከልኝ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ 441 ሰዎች ላይ የተሠራ፣ በ2018 የወጣ። እንደ እማዬ የላይኛው ሆድ ኦፕራሲዮን የሚጠብቃቸው ናቸው። ለግማሾቹ የማብራሪያ ወረቀት ብቻ ተሰጠ። ለሌሎቹ ከወረቀቱ በተጨማሪ ፊዚዮቴራፒስት ከኦፕራሲዮኑ በፊት 30 ደቂቃ ቁጭ ብሎ አስተማራቸው፤ ሳንባ ምን እንደሚሆን፣ እንዴት ጠልቀው እንደሚተነፍሱ፣ እንዴት እንደሚስሉ፣ ከነቁ ጀምሮ እንዲያደርጉት። የሳንባ ችግር የገጠማቸው ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው 27 በመቶ ሲሆኑ ከተማሩት 12 በመቶ ናቸው። ግማሽ ሰዓት! ያቺ እኛ ባሕር ዳር ያገኘናት ግማሽ ሰዓት። አሁን ገባችሁ ለምን ከሁሉ እሷን እመርጣለሁ እንዳልኩ?

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዕቃዋ መድኃኒት አይደለችም። ገዝቶ ራስጌ ላይ ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም። ያላት ችሎታ ትንፋሽን በዓይን ማሳየቷ ነው። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። «ጠልቀሽ ተንፍሺ» ሲሏት ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም። ኳሷን ግን ታያለች። ትላንት የት እንደደረሰች ታስታውሳለች። ሥራ የለመደች ሴት በመሆኗ ሥራ ስለተሰጣት ደስ አላት። ሌሊት እንኳ ስትነቃ «ስንት ሰዓት ሆነ? ፉቴን» ትላለች። ለእንዲህ ዓይነት ሰው 900 ብር ትገባለች። ገንዘቡ የከበደው ሰው ግን በዕቃው ማጣት አይሸማቀቅ፤ ያለ ኳስም ጠልቆ ስቦ፣ ሦስት ቆጥሮ ይዞ፣ ትራስ አቅፎ መሳል ይቻላል።

ጉድለቶቿን ልዘርዝር። ቱቦው ከዕቃዋ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ይላላል፤ በሁለተኛው ሳምንት እየወለቀ አስቸግሮናል። ስንት ጊዜ እንደሠራችሁ አትቆጥርም። ዋናው ጉድለቷ ግን ፍጥነትን መሸለሟ ነው። በጉልበት ድንገት ከሳባችሁ ሦስቱም ኳሶች ዘልለው ይወጣሉ፤ ሳንባ ግን ገና አልሞላም። ጎን የተኛ ሰው ዕቃዋን አዘንብሎ ቢስብም ኳሶቹ በቀላሉ ይነሣሉ። አንድ የክፍላችን ወጣት እንዲህ እያደረገ «ጨረስኩ» ሲል ፊዚዮው ዕቃዋን ቀጥ አድርጎ ያዘበት። ያን ጊዜ አንደኛዋም አልተነሣችም። ስለዚህ ቀጥ ተደርጋ ትያዝ። ፍጥነቱን ሳይሆን የተሳበውን አየር መጠን የሚለካ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ ነገር ያለው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ካገኛችሁትና አቅሙ ካላችሁ እሱን ምረጡ። ጽዳቷ ቀላል ነው። አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ማድረቅ ብቻ።

በዘጠነኛው ቀን ወጣን። አጎቴ ያረፈው በዘጠነኛው ቀን ነበር። መኪናው ውስጥ ይህን ሳስብ እማዬ ትራሷን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር ትራሷን ጠበቅ ታደርጋለች።

ቤት ስንገባ ደግሞ ያልጠበቅኩት መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሊል ተሰበሰበ። ቡና ተፈላ። ቄጤማ ተጎዘጎዘ። አንዲት ወዳጃችን ዕጣን በእፍኟ ጨምራ ከሰሉ ላይ አደረገችው፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ እማዬ መደብ። እማዬ ማሳል ጀመረች። ከሰሉን አንሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ወዳጃችን ቅር አላት፤ ዕጣን ያለ ቡና ምን ቡና ነው አለች። ልክ ናት። ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ ዕጣንም ከሰልም አልገባም። ቡናው ውጭ ተፈልቶ ይገባል። መስኮቱም ቀን ቀን ይከፈታል፤ «ብርድ ይመታታል» ያለኝን ሁሉ እሺ እያልኩ አልዘጋሁትም። እማዬን ጋቢ ደርቤባት ነበር።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት «ፉት» አብራን ቆየች። ደብተሩ ላይ ያለው የመጨረሻ ጽሑፍ «ጠዋት፣ 10 ጊዜ፣ ሦስቱም ተነሡ፣ ሦስት ቆጠርኩ» ይላል። ስንወጣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አክታ፣ የደረት ውጋት፣ ወይም የአንድ እግር ማበጥ ካያችሁ ቀን ሳትቆጥሩ ኑ ተብለን ነበር። አንዱም አልመጣም። የካንሰሩ ሕክምና ገና አላለቀም፤ ቀጠሮ አላት።

ኮከብ ስጡ ከተባለ፦ ለዕቃዋ ከ5ቱ 3። ያቺ ግማሽ ሰዓት 5ቱንም ትውሰድ። የአማርኛ መመሪያ ቢጨመርባት ለዕቃዋ አንድ እጨምርላት ነበር። አስመጪዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የምጠይቃችሁ። «አይንፉ፣ ይሳቡ» የሚል ብቻ እንኳ ይሁን።

ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎች ቀዶ ሐኪማችሁን «ፊዚዮ የምናየው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት። የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ያቁም፤ ከአራት ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ፍኖተ ሰላምና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ሆዱን ወይም ደረቱን ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ካላችሁ የሳል ትራስ እሰፋለሁ። ቁርጥራጩ ጨርቅ ከእኔ ነው፤ ጥጡን ብቻ ይዛችሁ ኑ። እስካሁን አራት ሰፍቻለሁ። አምስተኛዋ ሲንጀሩ ላይ ናት፤ የአንድ የቡሬ ገበሬ ናት፣ ሰኞ ይገባሉ።